የሰፈራችንን ውሎ የጻፉት ጋሽ ይታየው

ጋሽ ይታየው የሞቱት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ራት ቀርቦ እጃቸውን ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ «ራሴን» አሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር የባለቤታቸውን የእትዬ አገሬን ጩኸት ሰምቼ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። የምችለው ነገር አልነበረም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል። እሳቸው ጂኦግራፊ፣ እኔ ሒሳብ። ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ በእድሜ አባቴ ሊሆኑ ቢችሉም እርምጃቸውን ለመከተል የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው ሥር በበጋም ሹራብ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ስልካቸውን እንዳይጠፋባቸው በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ሰው ሲያወራ የሚወዱት ነገር ከመጣ ሌባ ጣታቸውን ያነሳሉ፣ «ቆይ፣ ቆይማ» ይላሉ፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው ያስጠጉና በዚያው ባነሱት ጣት ፊደሉን አንድ በአንድ መልቀም ይጀምራሉ። ተናጋሪው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ያናድዳል።

የሚጽፉት ለብሎጋቸው ነው። ልጃቸው ዮናስ አዳማ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ አንድ ዓመት ለፋሲካ ሲመጣ አባቱ በየወረቀቱ ቁራጭ ሲሞነጫጭሩ አይቶ ኢንተርኔት ላይ የራሳቸው መጻፊያ ከፈተላቸው። ስሙን «ውሎ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሳይጽፉ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው።

ምን ይጽፋሉ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ስሙ ላይ አለ። ገና እንደተዋወቅን ያነበብኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ዛሬ የጮቄ ተራራ ጉም ለብሶ ዋለ። ለአሥረኛ ክፍል ስለ ነፋስ አስተማርኩ። አንድ ተማሪ ነፋስ የሚጀምረው ከየት ቦታ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ቦታውን እንደማላውቀው ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ የአያ ደሴ በቅሎ አጥር ጥሳ ገብታ ጎመናችንን በላች። አያ ደሴ ይቅርታ ጠየቁ። በቅሎዋ አልጠየቀችም።» አያ ደሴ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ በቅሎዋም እንደ ጌታዋ የማትደፈር ናት።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ያነበዋል?» አልኳቸው።

«አንቺ አነበብሽው አይደል?»

«እኔማ ጎረቤት ሆኜ ነው። ሰው ሁሉ ያለው ፌስቡክ ላይ ነው፤ ለምን እዚያ አይጽፉም?»

«ፌስቡክ ገበያ ነው፣ ትብለጥ። ካልጮኽሽ የሚሰማሽ የለም። ይሄ በረንዳዬ ነው። ያለፈ ሰው ካየኝ ሰላም ይለኛል፣ ካላየኝም መንገዱን ይቀጥል።»

ለሌላው ሌላ መልስ ነበራቸው። ርእሰ መምህራችን በስብሰባ ላይ «ይሄ ነገር ምን ይጠቅማል?» ቢሏቸው «እርስዎ ሪፖርት ይጽፋሉ፣ እኔ ውሎ እጽፋለሁ፤ ሁለታችንንም የሚያነበን የለም» ብለው ስብሰባውን በሳቅ ፈቱት። ለተማሪዎቻቸው «ተናድጄ የጻፍኩትን በማግስቱ ሳነበው ያፈርኩበት ጊዜ ስላለ ነው» ይሏቸዋል። እትዬ አገሬ ደግሞ «ሲጽፉ ዝም ይላሉ፤ ለእኔ ይበቃኛል» ነው የሚሉት። መልሱ በየጠያቂው ስለሚለዋወጥ፣ ትክክለኛውን ምክንያት ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር።

አንባቢ አልነበራቸውም ማለት ግን ግፍ ነው። መርጡለ ማርያም የሚኖር አንድ የማያውቁት ሰው ነበር። ጋሽ ይታየው ዘነበ ብለው ከጻፉ ከሥሩ «እኛም ዘንቦብናል» ይላል። ጭጋግ ነው ካሉ «እዚህስ ብራ ነው» ይላል። ሌላ ቃል ጽፎ አያውቅም። ጋሽ ይታየው ግን እያንዳንዷን መልስ መምህራን ማረፊያ ድረስ ይዘው መጥተው ያነቡልን ነበር፤ «አያችሁ፣ ደመናው በዚያ በኩል ነው የመጣው» እያሉ።

ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ እንኳ አላቆሙም። በላፕቶፕ እየጻፉ አቆዩና መስመሩ ሲመለስ የወራቱን ሁሉ በተራ በተራ አወጡት። «ያለፈ ወር ዝናብ አሁን ለማን ነው?» ብዬ ብስቅባቸው «ዘንቦ የለም እንዴ?» አሉኝ።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። ያላዩትን አይጽፉም። የሰው ስም ደግሞ ሳያስፈቅዱ አያነሱም፤ «ልጻፍሽ ወይ?» ይላሉ፣ እምቢ ካልሽ ይተዉሻል። የሰፈራችን ባለባጃጅ ሁሉዓለም አንድ ቀን ከነተሳፋሪው ቦይ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ጋሽ ይታየውን ነበር፤ «ጋሼ፣ በማርያም እንዳይጽፉኝ» አለ። አልጻፉትም። በሳምንቱ መጥቶ «የደሴን በቅሎ ጽፈው እኔን ዘለሉኝ፣ ከበቅሎ አነስኩ?» ብሎ አኮረፈ።

ሕጋቸው የጎደለው በአንድ በኩል ነው። ሕያው ሰው ይጠየቃል፤ የሞተ ሰው ማንን ጠይቀው እንደሚጽፉ አላሰቡበትም።

ከፊት ለፊታችን እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ መበለት ይኖሩ ነበር። ጌሾና ብቅል እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ማርታን አስተምረው ነርስ አድርገዋታል፤ የምትሠራው ጅማ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ሳይታመሙ ሞቱ። በማግሥቱ ተቀበሩ።

እንግዲህ በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ለማርታ «እናትሽ ትንሽ አሟታልና ነይ» ተብሎ ተደወለላት። አያ ደሴና የንስሐ አባታቸው መከሩ፤ መናኸሪያ የአክስቷ ልጅ ይቀበላታል፣ አክስቷ ቤት በልታ ታድራለች፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎችና የሚደግፏት ሴቶች ገብተው ያረዷታል። ሁሉም ሰው አደራውን ያውቅ ነበር፤ ጋሽ ይታየውም ያውቁ ነበር። ስልክ አላነሱም፣ ለማንም አልተናገሩም። ከቀብር መልስ ማታ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡና ጻፉ እንጂ፦

«ዛሬ እትዬ ጥሩወርቅን ቀበርን። ትናንት ጠዋት ደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሳልፍ ጠሩኝ፤ ይታየው፣ ዓይኔ ጠጠሩን አላይ ብሎኛል፣ እስቲ እይልኝ አሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ትንሽ ለቀምኩላቸው። ማርታ የላከችላቸውን ፎቶ አሳዩኝ፤ ከስታለች፣ አትበላም መሰለኝ አሉ። ደወል ሲደወል ተነስቼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።»

ማርታ ለካ «ውሎ»ን ከተከፈተ ጀምሮ ታነባለች። አንድም ቀን መልስ ጽፋ አታውቅም። እናቷ ደጅ ወጥተው እንደሆነ፣ ገበያ ሄደው እንደሆነ የምታውቀው ከዚያ ነበር። በማግሥቱም ከጅማ በአውቶቡስ ተሳፍራ ወሊሶ ሲቃረቡ ስልኳን ከፈተች።

ጩኸቷን የሰማ ሹፌር መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ። የማያውቋት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረዋት አለቀሱ። አንዲት እናት አዲስ አበባ ድረስ አቅፈዋት መጡ። ደብረ ማርቆስ ስትደርስ ጥቁር ለብሳ ነው ከመኪና የወረደችው። ሊቀበላት የቆመው የአክስቷ ልጅ «ትንሽ አሟት ነው» ሊል የተዘጋጀበት አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ጋሽ ይታየው ባርኔጣቸውን ይዘው መሀል ላይ ቆሙ።

«መርዶ እኮ» አሉ አያ ደሴ፣ «ሰው ተሰብስቦ፣ ውሃ ተይዞ፣ ወገቧን ደግፎ ነው የሚነገር። እርስዎ የሰው ልጅ ከማታውቀው ሰው መሀል ጣሏት። ብትወድቅስ? ብታብድስ?»

«እውነት ነው፣ አያ ደሴ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ታነበዋለች ብዬ አላሰብኩም። ያነበዋል የምለው ሰው አንድ እንኳ የለኝም።»

ከኋላ አንዱ «የሚያነበው ከሌለ ታዲያ ለምን ይጽፉታል?» አለ።

ነገረኛ ሆኖ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የጠየቀው። ጋሽ ይታየው ባርኔጣቸውን አገላበጡ። አሳዘኑኝ።

እድሩ ወሰነ። በሚቀጥለው ስብሰባ ብሎጉን ዘግተው ይምጡ፤ አለዚያ ከእድር ይወጣሉ። ከእድር የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን የእኛ አገር ሰው ያውቃል። ድንኳን የሚተክልልህ፣ ሬሳህን የሚሸከም፣ ልጅህን የሚያጽናና የለም ማለት ነው።

እትዬ አገሬ ቤት እንደገቡ «ብሎጉ ሬሳ ይሸከማል ወይ?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልጠበቁም፤ ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሽ ይታየው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ይዝጉት» አልኳቸው። «ከእድር ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለም።»

«አይደለም» አሉ። «ግን ስዘጋው ያ ምስር መልቀማቸውም አብሮ ይጠፋል» አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ ሰውዬው ስለ ምስር እንዲህ መጨነቃቸው አልገባኝም።

በማግሥቱ ከበር ላይ አንድ ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና መንገዱን ተሻግረው ለቅሶው ድንኳን ገቡ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ የቆየ ወግ ነው፤ እኔ ግን በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አንገታቸውን ደፍተው ማርታ ፊት ቆሙ።

«ያውርዱት፣ ጋሼ» አለች።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ያውርዱትና ይቀመጡ።» ዓይኗ አባብጧል፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር። «መኪና ውስጥ ለብቻዬ ሰማሁ። ይሄን እረሳልዎታለሁ ብዬ አልዋሽም። ቂም ግን አልያዝኩም፣ ይቅር ብያለሁ።»

ጋሽ ይታየው ድንጋዩን አውርደው ተቀመጡ። ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ማርታ ወደ አያ ደሴ ዞረች።

«አያ፣ ሊያዘጉት ነው አሉኝ።»

«ለአንቺው ብለን ነው።»

«እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ ‹ሳትሰቃይ ነው የሞተች፣ ተመስገን በይ› ይለኛል። ያን ጠዋት ምን ስታደርግ እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም። ብጠይቅ ‹ደህና ነበረች› ይሉኛል። ምስር ስትለቅም እንደነበር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከስታለች ማለቷን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ዘግታችሁ እናቴን ከየት ላምጣት?»

አያ ደሴ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሰውየው ግትር ናቸው፤ ፍርዳቸውን ሲያጥፉ ያየ ሰው አልነበረም። «እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሥርዓትም ይጠበቅ፣ ልጅቱም ያለችው ይሁን። መርዶ ሳይነገር የሞተ ሰው አይጻፍ። ከተነገረ በኋላ ይጻፍ።»

ከዚያ ወዲያ ሰፈራችን ሌላ ሥርዓት ያዘ። ሰው ሞቶ ርቆ ያለ ዘመድ ከተረዳ በኋላ የእድሩ ለፋፊ በጋሽ ይታየው በር ብቅ ይልና «መርዶው ተነግሯል፣ ይጻፉ» ብሎ ያልፋል። የቀብር መርሐ ግብር እንደሚያስነግር ሰው ኮስተር ብሎ ነው የሚለው። እትዬ አገሬም ማንበብ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። አያ ደሴ የስልካቸውን ፊደል አስተልቀው ማታ ማታ እንደሚያነቡ የደረስኩበት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን «በቅሎዬ ከተጻፈች ቆየች» አሉ።

ጋሽ ይታየው ግን የሚነበቡ መሆናቸውን ማወቃቸው አላኮራቸውም። እንዲያውም መጠንቀቅ ጀመሩ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ደጅ ላይ የተቀመጠ አዛውንት ካዩ ሰላም ብለው አያልፉም፤ ቁጭ ይላሉ። ምን እየሠሩ ነው፣ ምን በሉ፣ እግርዎ እንዴት ነው ይላሉ። በእሳቸው ምክንያት ስንቴ ሰልፍ አምልጦኝ ርእሰ መምህሩ ገላምጠውኛል። «ጋሼ፣ ረፍዶብናል» ስላቸው «ሒደሽ ቀድመሽ አስተምሪ፤ ሒሳብ አይጠፋም» ይሉኝ ነበር።

እንዲህ ሆነው ነው ያን ቀን ማታ «ራሴን» ያሉት።

ለዮናስ መርዶው በሥርዓቱ ተነገረ። «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል» ተባለ፤ መጣ፤ አጎቱ ቤት አደረ። ሊነጋጋ ሲል አያ ደሴ ከፊት፣ ቄሱ ቀጥለው፣ እኔም ከሴቶቹ ጋር ገባን። ፊታችንን ሲያይ ገባው። ደግፈን ይዘነው አለቀሰ፤ ሥርዓታችን ለምን እንደተሠራ ያን ጊዜ በደንብ ታየኝ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን ዮናስ ቀና ብሎ «አባባ ያን ቀን ምን ሲሠራ ዋለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሰው ሁሉ ተያየ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ውሎ የጻፉት ሰው የራሳቸውን የመጨረሻ ቀን የጻፈላቸው የለም። እሳቸው ተቀምጠው የሚጽፉት ማታ ከራት በኋላ ነበር፤ ስልካቸው ላይም የዚያ ቀን ምንም አልተገኘም።

ከእያንዳንዳችን እየለቀምን እንሰበስብ ጀመር። እትዬ አገሬ፣ ጠዋት ቂጣ በሻይ በልተው ባርኔጣቸውን ሲፈልጉ መቆየታቸውንና ራሳቸው ላይ ማግኘታቸውን ተናገሩ። እኔ አብሬያቸው ሄጃለሁ፤ ድልድዩ ላይ ቆመው «ውሃው ደፍርሷል፣ ላይ ዘንቧል» ማለታቸውን ነገርኩት። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ አፈር መሸርሸር ማስተማራቸውን ተማሪዎቻቸው ነገሩን። ለምሳ ወደ ቤት ያመጣቸው ሁሉዓለም ነበር፤ «ገንዘብ አልተቀበልኳቸውም፣ ተቆጡኝ» አለ። ምሳ ሽሮ ነበር። ከዚያ ወጡ።

ከምሳ በኋላ ክፍል አልነበራቸውም። ትምህርት ቤት ያያቸው የለም። ገበያ ያያቸው የለም። ቤተ ክርስቲያን ያያቸው የለም። ዮናስ ወደ እናቱ ዞረ።

«አመሻሽ ላይ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቀይ ጭቃ ሆኖ መጡ» አሉ እትዬ አገሬ። «የት ውለው ነው እንዲህ የጨቀዩት ብላቸው...» አንዲት ሴት ጀርባቸውን ያዘቻቸው። «ነገ ታነቢዋለሽ አሉኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። አያ ደሴ እንኳ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ዮናስ የብሎጉን ቁልፍ ያውቃል፤ የከፈተው እሱ ነው። ከተዝካሩ በፊት አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያሰባሰብነውን ጻፈው፤ ቂጣውን፣ ባርኔጣውን፣ የደፈረሰውን ውሃ፣ ሽሮውን። ከምሳ በኋላ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የተጎዳ ልጅ ነውና ልረዳው ብዬ «ወደ ገጠሩ በኩል ዘወር ብለው ይሆናል፤ እንዲያ በለው» አልኩት።

«አላየንማ» አለኝ። «እሱ ያላየውን አይጽፍም።»

ጻፈው፦ «ከምሳ በኋላ የት እንደሄደ አላወቅንም። ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነበር።»

ጋሽ ይታየው በጣም ይናፍቁኛል። አሁን ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው ብቻዬን ነው። ደጁ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይ ሰላም ብዬ አላልፍም፤ ቆም እላለሁ፣ ያን ቀን ከምሳ በኋላ ጋሽ ይታየውን አይተዋቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቀይ አፈር ባለበት በኩል ያሉትን ገበሬዎች ሳይቀር ጠይቄያለሁ። እስካሁን ያየ ሰው አላገኘሁም።